በአሮጌ መኪና ውስጥ አዲስ ሽቦ ስለ መዘርጋት

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሽቦ ነው። ሽቦ ሲባል ለብዙ ሰው ተራ ነገር ይመስለዋል። መኪናውን የሚወድ ሰው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጎማው ብዙ ይጨነቃል፤ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ተሸፍኖ ስለሚኖረው ሽቦ ግን የሚያስበው ጢሱ ከታየ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ ዛሬ ቅጠሉን ለመቁረጥ ያህል ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን ልናገር። ወደ አገራችን የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የገባችው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት መኪኖች መብራታቸው ከካርባይድና ከውሃ በሚወጣ ጋዝ የሚነድ ፋኖስ ነበር፤ ሞተራቸውም በእጅ በሚዞር ብረት ይነሣ ነበር። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው የሞተሩ እሳት ብቻ ስለ ነበረ ሽቦው በጣት የሚቈጠር ነበር። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ በፋብሪካ ደረጃ በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ የታየው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ሞቶሮላ የተባለው የመኪና ሬዲዮም ለገበያ የቀረበው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ መኪና በዕድሜው ልክ አንድ በአንድ እየተጨመረለት የመጣ ዕቃ ነው፤ የተጨመረውም ሁሉ ሽቦ ይዞ መጣ።

በአገራችን ከእነዚህ አሮጌ መኪኖች መካከል በሕዝብ ዘንድ እንደ ቮልስዋገን የሚታወቅ የለም። «ቮልስ» ሲባል ሕፃን ሽማግሌው ቅርጿን ያውቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚችው መኪና ስለ ነበረ፣ በታሪካችንም ውስጥ ስፍራ አላት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የነበረው የመጨረሻው ፋብሪካ ሥራውን አቆመ። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ይህ ማለት ዛሬ በአንድ ሰው ግቢ የቆመች ቮልስ ብትቃጠል፣ እርሷን የምትተካ ሌላ ቮልስ ከውጭ አስመጥቶ ማቆም ቀላል አይደለም ማለት ነው። ያለችው ያለችው ናት።

አሁን ወደ ምሳሌው ልግባ። ከሐዋሳ መካከለኛ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ሰው አለ እንበል። ቤቱ በእንሰትና በቡና ተክል የተከበበ ነው። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ቮልስ አለችው። ላሜራዋን አስጠግኖ፣ ቀለሟን አስቀብቶ፣ ሞተሯን አሠርቶ ጨርሷል። አሁን የቀሩት 3 ነገሮች ናቸው፤ በክረምት ማታ ከሐዋሳ ሲመለስ መንገዱን የሚያሳዩት 2 የጉም መብራቶች፣ አንድ ሬዲዮና አንድ የስልክ ባትሪ መሙያ። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እግረኛውና ከብቱ በአንድ መንገድ ላይ በሚጓዙበት አካባቢ የመብራቱ ነገር ቅንጦት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ቸኩሎ፣ ሦስቱንም ዕቃዎች በዳሽቦርዱ ሥር ካገኘው ከአንዱ ቀይ ሽቦ ላይ ልጦ ቢያያይዛቸው ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክን ወደ ጓሮ አትክልት በምትሄድ የመስኖ ውሃ እንመስለው። ምንጩ ከአትክልቱ ስፍራ ከፍ ባለ መጠን ውሃው በኀይል ይገፋል፤ ይህን ግፊት በኤሌክትሪክ ዘንድ ቮልት እንለዋለን። በቦዩ ውስጥ በየጊዜው የሚያልፈውን የውሃ ብዛት ደግሞ አምፔር እንለዋለን። የሁለቱ ብዜት፣ ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ፣ የሥራው ኀይል ዋት ይሆናል። ቦዩ ሽቦው ነው። በጠባብ ቦይ ብዙ ውሃ እንልቀቅ ብንል ውሃው ቦዩን ደርምሶ ይወጣል። በቀጭን ሽቦም ብዙ አምፔር ብናሳልፍ ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ቀጥሎም አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያቃጥላል።

እስቲ የወዳጃችንን መብራቶች እናስላ። እያንዳንዱ የጉም መብራት 55 ዋት ነው እንበል፤ ሁለቱ 110 ዋት ይሆናሉ። ባትሪው 12 ቮልት ከሆነ 110 ለ12 ሲካፈል 9.2 አምፔር ያህል ይመጣል። ነገር ግን እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ቮልሶች በጠቅላላው ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ አንዳንዶቹ ባለ 1200 ሞተሮች በ6 ቮልት ቆይተዋል። በ6 ቮልት ያው 110 ዋት ከ18 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ባለ መኪናው ባትሪው ስንት ቮልት እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። ለ12 ቮልት የተሠራ ሬዲዮ በ6 ቮልት አይናገርም፤ ለ6 ቮልት የተሠራ አምፖልም በ12 ቮልት ወዲያው ይቃጠላል። የእኛ ወዳጅ መኪና ባለ 12 ቮልት ናት ብለን እንቀጥል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ሁሉ ኀይል ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ባትሪ ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም፤ እርሻው ዲናሞው ነው። የዚህች መኪና ዲናሞ በመልካም ፍጥነት ሲዞር 30 አምፔር ያህል ይሰጣል እንበል፤ ይኸውም 30 በ12 ሲባዛ 360 ዋት ነው። አሁን ወጪውን እንቁጠር። 2 የፊት መብራቶች 90 ዋት፣ የኋላና የዳሽቦርድ መብራቶች 30 ዋት፣ የሞተሩ እሳት 40 ዋት፣ የዝናብ መጥረጊያው 40 ዋት ቢወስዱ፣ ድምሩ 200 ዋት ይሆናል። የጉም መብራቶቹ 110፣ ሬዲዮው 20፣ የስልክ መሙያው 15 ሲጨመሩበት 345 ዋት ይደርሳል። ገቢና ወጪ ሊተካከሉ 15 ዋት ብቻ ቀርቷቸዋል። ይህም መኪናዋ በመልካም ፍጥነት ስትሄድ ነው። በመንገድ መጨናነቅ ቆማ ሞተሯ ዝግ ብሎ ሲሠራ ግን የጥንቱ ዲናሞ ከሞላ ጎደል ምንም አይሰጥም፤ በዚያን ጊዜ የሚበላው ከጎተራው ነው። በክረምት ማታ መጥረጊያውና መብራቱ ሁሉ በርቶ ብዙ ሰዓት የቆመ ሰው፣ በማግሥቱ ጧት ሞተሪኖው እምቢ ሲለው ሊደነቅ አይገባውም።

ከዚህ ስሌት 2 ምክሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የጉም መብራቶቹ ከረጅሙ መብራት ጋር አብረው እንዳይበሩ ማድረግ ነው። በጉምና በዝናብ ረጅም መብራት ብርሃኑን ወደ ራስ ዓይን ይመልሳል እንጂ አይጠቅምም። ሁለተኛው፣ ዛሬ በገበያ ያለውን ኤል.ኢ.ዲ. የተባለውን አምፖል መምረጥ ነው። ይህ ከቀድሞው አምፖል እጅግ ባነሰ ዋት ተመሳሳይ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ ለአሮጌ ዲናሞ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሽቦው ውፍረት ነው። በቮልስ ውስጥ ባትሪው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ሲሆን፣ የጉም መብራቶቹ የሚገጠሙት ከፊት ነው። በመካከሉ የሽቦው ጉዞ 4 ሜትር ያህል ይሆናል። ውፍረቱ 1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በ4 ሜትር ርዝመት 0.07 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። በእርሱ ላይ 9.2 አምፔር ሲያልፍ 0.64 ቮልት በመንገድ ይጠፋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የተራ አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ከ12 ቮልት 5 በመቶ ሲጎድል ከብርሃኑ 6ኛው እጅ ያህል ይጠፋል። የጠፋው ኀይል ደግሞ ሽቦውን ያሞቀዋል። ውፍረቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ብንወስድ ግን የሚጠፋው 0.26 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ለመብራቶቹ 2.5፣ ለሬዲዮና ለስልክ መሙያ ለእያንዳንዳቸው 1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይበቃል። በሽቦ ውፍረት ላይ የሚቈጠበው ገንዘብ ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይበልጥም፤ የሚያመጣው ጉዳት ግን መኪናውን ያህላል።

አራተኛው ነገር ፊውዝ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ ሬዲዮውን ወይም መብራቱን የሚጠብቅ ይመስለዋል። አይደለም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የሽቦው ልባስ በአንድ ስፍራ ተፍቆ መዳቡ የመኪናውን ላሜራ ቢነካ፣ ባትሪው በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ሊለቅበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ሽቦው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍም ይሆናል። በመንገዱ ላይ ፊውዝ ካለ፣ ከሽቦው በፊት ቀልጦ መንገዱን ይዘጋል። ስለዚህ ፊውዙ መቀመጥ ያለበት ከመብራቱ አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ፣ ቢበዛ በአንድ ስንዝር ርቀት ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የሌለው በር ነውና ባጠረ ቍጥር ይሻላል።

በጥንቱ ቮልስ ሳጥን ውስጥ ያሉት ፊውዞች ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ናቸው። ለ9.2 አምፔር መብራትና ለ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ 15 ወይም 16 አምፔር ተስማሚ ነው፤ ለሬዲዮና ለስልክ መሙያ ለየራሳቸው 5 አምፔር ይበቃል። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶ መክተት በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። ይህ ዘበኛው ጮኸብኝ ብሎ ዘበኛውን እንደ ማሰር ያለ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ምክንያት ስላለው ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

አምስተኛው ነገር ሪሌይ የሚባለው መሣሪያ ነው። የጥንት መኪና ማብሪያ ማጥፊያ የተሠራው ለጥንቱ መብራት ልክ ነው። በዚያ ላይ የአዳዲሶቹን መብራቶች ሸክም ብንጭንበት ውስጡ ያራል። ሪሌይ ግን በትንሽ ኀይል ታዝዞ ብዙ ኀይል የሚያስተላልፍ አገልጋይ ነው። ማብሪያው ትእዛዙን ብቻ ይሰጣል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ሪሌዩ ነው። በሪሌዩ ላይ 4 ቍጥሮች ተጽፈዋል፤ 30፣ 87፣ 86 እና 85። እነዚህ የጀርመን መሐንዲሶች ያወጡት የደንብ ቍጥሮች ናቸው። በ30 ላይ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ይገባል። ከ87 ወደ መብራቶቹ ይወጣል። 86 ከማብሪያው ትእዛዝ ይቀበላል፤ 85 ወደ መኪናው ብረት ይታሰራል። ትእዛዙን ከአጭሩ መብራት ሽቦ ላይ በማብሪያ በኩል ብንወስድ፣ አሽከርካሪው ወደ ረጅሙ መብራት ሲዛወር የጉም መብራቶቹ በራሳቸው ይጠፋሉ። አስቀድሜ የሰጠሁት የመጀመሪያው ምክር በዚህ ዘዴ ይፈጸማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሽቦው መንገድ እንምጣ። ሽቦ ሲዘረጋ አጭሩን መንገድ ሳይሆን ደኅናውን መንገድ መምረጥ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ፋብሪካው የራሱን የሽቦ እስር ያሳለፈበትን ፈለግ መከተል ነው፤ ምክንያቱም ያን መንገድ የመረጡት ሰዎች የት እንደሚሞቅ፣ የት እንደሚንቀሳቀስ፣ የት ውሃ እንደሚገባ አስበውበታል። ከዚህ ቀጥሎ በቮልስ ውስጥ መሸሽ ያለባቸውን ስፍራዎች እዘረዝራለሁ።

የመጀመሪያው የኋላ መቀመጫው ሥር ነው። ባትሪው ያለው በዚያ ሲሆን የመቀመጫው ምንጣፍ ሞላዎች ብረት ናቸው። የባትሪው መሸፈኛ ጠፍቶ ሳለ ከባድ ሰው ከኋላ ቢቀመጥ፣ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። በላዩ ያለው የመቀመጫ ሙሌት ቶሎ የሚነድ ነውና በብዙ አገር ቮልሶች በዚሁ ምክንያት ተቃጥለዋል። ስለዚህ አዲሱ ሽቦ ከባትሪው ሲነሣ ከሞላዎቹ ርቆ በጎን በኩል ይውጣ፤ የባትሪውም መሸፈኛ ሳይኖር መቀመጫው አይመለስ።

ሁለተኛው በሁለቱም በሮች ሥር በጎንና ጎን ያሉት ባዶ ብረቶች ናቸው። እነዚህ ባዶ ስለ ሆኑ ሽቦ ማሳለፊያ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከሞተሩ የሚመጣው ሞቃት አየር ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው። ሽቦው በምንጣፉ ሥር ከብረቱ ውጭ ይለፍ እንጂ በውስጡ አይግባ።

ሦስተኛው የፊት ኮፈን ሥር ነው። በቮልስ የነዳጅ ታንክ ያለው ከፊት ነው። የዳሽቦርዱም የኋላ ወገን ወደዚያው ስለሚታይ፣ ሽቦ ሠሪው ሳያስተውል ሽቦውን በታንኩ አፍና በነዳጅ ቱቦው ላይ ሊጥለው ይችላል። ይህ በፍጹም መሆን የለበትም። ሽቦው በጎን በኩል ላሜራውን ተከትሎ ይሂድ፤ ሪሌዩም ከታንኩ ርቆ ውሃ በማይደርስበት ስፍራ ይታሰር።

አራተኛው ሽቦው ላሜራውን የሚበሳበት ቀዳዳ ሁሉ ነው። የላሜራ ጠርዝ ቢላዋ ነው። መኪናው በኮረኮንች መንገድ ሲንቀጠቀጥ ጠርዙ የሽቦውን ልባስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቈርጣል፤ ከወራት በኋላም መዳቡ ብረቱን ይነካል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይግባ። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ግን ፋብሪካው የሠራውን ቀዳዳ መጠቀም ይመረጣል። በጀርባው ያለውን ሳያዩ መብሳትም የፍሬን ቱቦን ወይም ታንኩን እስከ መውጋት ያደርሳል።

አምስተኛው የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበት ስፍራ ነው፤ ማለት የመሪው ዘንግ፣ የፔዳሎቹ አጠገብና የመጥረጊያው ክንድ። ሽቦው በየ1 ስንዝር ተኩል በማሰሪያ ይታሰር፤ በጣም ተወጥሮም አይሁን፤ በጣም ረግቦም አይንጠልጠል።

ስለ መመለሻው መንገድም ልናገር። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር አይደለም፤ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በመኪና ላይ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ጋራዦቻችን ከጣሊያን ቋንቋ ወስደው «ማሳ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ መኪናው በአዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ መብራቱ ፈዞ ይገኛል፤ ባለቤቱም አምፖሉን ይለውጣል፤ ዲናሞውንም ይጠራጠራል። ጥፋቱ ግን በቀለሙ ላይ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ብሎኑ የታሰረበት ስፍራ ከብረቱ ተለይቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በብሎኑ ሥር ብቻ ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረት መፋቅ፣ በደንብ ማጥበቅ፣ ከዚያም ዝገት እንዳይገባ ጥቂት ቅባት መቀባት ነው። ወዳጃችን መኪናውን አዲስ ቀለም አስቀብቷልና ይህን ምክር ከማንም ይበልጥ እርሱ ይፈልገዋል።

እዚህ ላይ ስለ ሽቦ ቀለም አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጀርመን መኪና ቀይ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ጥቁር ቁልፍ ሲዞር ኀይል የሚያገኝ ነው፤ ቡናማ ማሳ ነው፤ ነጭ የረጅም መብራት፣ ቢጫ የአጭር መብራት ነው። በእንግሊዝ መኪና ግን፣ ለምሳሌ በገጠራችን ብዙ ባገለገለው በላንድ ሮቨር፣ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው ሕያው ሽቦ ነው፤ ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ነጩም ቁልፍ ሲዞር ኀይል የሚያገኘው ነው። እንግዲህ በቮልስ ላይ እጁን ያሠለጠነ ባለሙያ በላንድ ሮቨር ላይ ቡናማውን ሽቦ ማሳ መስሎት ከላሜራው ቢያስር፣ ባትሪውን በቀጥታ ከብረቱ ጋር አገናኘ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ከ1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፊት የተሠሩት ላንድ ሮቨሮች ማሳቸው የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ነበር። የዛሬ ሬዲዮና የስልክ መሙያ ግን ሁሉም አሉታዊውን ጫፍ ማሳ አድርገው የተሠሩ ናቸው። ሳይመረምር የሚያያይዝ ሰው ዕቃውን በዚያው ቅጽበት ያቃጥለዋል። ደግሞም በ50 ዓመት ውስጥ በብዙ እጅ ያለፈ መኪና ሽቦው በማንኛውም ቀለም ተቀጣጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀለምን አምኖ ከመሥራት በመለኪያ መሣሪያ ወይም በመፈተኛ አምፖል ማረጋገጥ ይሻላል።

ስለ መቀጣጠል ደግሞ፣ ሁለት ሽቦ ልጦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በችግር ጊዜ እስከ ቤት ያደርስ ይሆናል እንጂ ሥራ አይባልም። በሙቀት የናስትሮው ማጣበቂያ ይቀልጣል፤ በክረምት እርጥበት ይገባል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ማያያዣው ይግላል። ይልቁንስ ልኩ የሆነ የብረት ጫፍ በተገቢው ፒንሳ ተጨፍልቆ ይያዝ፤ በላዩም በሙቀት የሚጨማደድ የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። በሊድ መበየድ ለሬዲዮ ውስጥ ሥራ መልካም ነው፤ በሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ ግን ሊዱ ሽቦውን ስለሚያደርቀው፣ ከብየዳው አጠገብ በሚገባ ካልታሰረ ሊሰበር ይችላል።

ስለ ሬዲዮውም አንድ ቃል ልጨምር። ሬዲዮው ሞተሩ በፈጠነ ቍጥር እየጨመረ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከጣቢያው አይደለም። የሞተሩ እሳትና ዲናሞው የሚፈጥሩት ረብሻ በሽቦው በኩል እየገባ ነው። የሬዲዮው ኀይል ሽቦና የአንቴናው መስመር ከካንዴላ ሽቦዎችና ከዲናሞው መስመር ይራቁ፤ የሬዲዮው ማሳም ንጹሕ ይሁን። እኔም ይህን ንግግር የምታሰሙበት ሬዲዮ ጥርት ብሎ እንዲናገር ስለምሻ፣ በዚህ ነገር ላይ ጥቅም አለኝ።

አሁን የሥራውን ቅደም ተከተል ላሳጥር። በመጀመሪያ የባትሪው የማሳ ጫፍ ይፈታ። ማሳው አስቀድሞ የሚፈታበት ምክንያት አለው፤ ማሳው ታስሮ ሳለ ሌላው ጫፍ ሲፈታ ቁልፉ ላሜራውን ቢነካ ትልቅ ብልጭታ ይነሣል፤ ማሳው ከተፈታ በኋላ ግን ቢነካም ጉዳት የለውም። ሲመለስም ማሳው በመጨረሻ ይታሰራል። ሁለተኛ፣ መንገዱ በወረቀት ላይ ይሣል። ሦስተኛ፣ ሽቦው ሳይቈረጥ በታሰበው መንገድ ይዘርጋና ይለካ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ አስቀድሞ የቈረጠ ሰው በመጨረሻ ግማሽ ክንድ ጐድሎት ይቀጥላል። አራተኛ፣ ማሳዎቹ ይጽዱ፣ ጫፎቹ ይያዙ፣ ማሰሪያዎቹ ይግቡ። አምስተኛ፣ ፊውዞቹ ከሁሉ በኋላ፣ አንድ በአንድ ይግቡ። እያንዳንዱ መስመር ለሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሽቦው፣ ማያያዣውና የፊውዙ ቤት በእጅ ይዳሰስ። ለብ ቢል ደኅና ነው፤ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተሳስቷል።

በመጨረሻም የሽቦው ሥዕል በንጹሕ ወረቀት ተገልብጦ፣ የፊውዙ መጠንና የሽቦው ቀለም ተጽፎበት፣ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። የፋብሪካውም ሽቦ ሳይቈረጥ አዲሱ በጎኑ ይዘርጋ፤ ነገ ሌላ ሰው መኪናዋን እንደ ጥንቷ ልመልሳት ቢል ሳይቸገር ሊያነሣው ይችላል።

የቱላው ወዳጃችን ይህን ሁሉ ቢፈጽም የሚያወጣው ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ 3 ፊውዝ፣ 1 ሪሌይ፣ ጥቂት የጎማ ቀለበትና አንድ ሙሉ ቀን ነው። በምትኩ የሚያገኘው ግን ከአባቱ እጅ የተቀበላት መኪና በክረምት ማታ መንገዱን እያሳየችው ቤቱ እንድትገባ፣ ከእርሱም በኋላ ለልጁ እንድትተርፍ ነው። ያ ልጅም አንድ ቀን ዳሽቦርዱን ሲፈታ የአባቱን የእጅ ጽሑፍ በወረቀቱ ላይ ያገኘዋል፤ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድም ሳይጠራጠር ያውቃል።